የማዕበል ልጆች ቀን

«ቅበላ?» አለ ማላኪ። «ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጣችሁ መርጣችሁ ቅበላ ላይ አረፋችሁ?»

ኦርላ የሻይ ሲኒዋን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች ቀና አለች። በአየርላንድ ባሕር ዳር ያለችው የካሪግሞር ከተማ ምክር ቤት አባል ናት፤ ገና ወጣት፣ ጫማዋን ጭቃ ያልነካው፣ ልቅሶ ቤት ድምፅ እንዴት እንደሚለሰልስ ከእናቷ የተማረች። በእሷና በማላኪ መካከል የሬሳ ሳጥኑ ክዳኑ ተነሥቶ ተጋድሟል። ፊንታን ሰማያዊ ሱፉን ለብሶ፣ መቁጠሪያ በጣቶቹ ላይ ተጠምጥሞለት፣ ወሬውን እየሰማ መልስ መስጠት የናቀ ሰው መስሎ ተኝቷል። በቁሙም እንዲሁ ነበር። ታላቅ ወንድምነቱን በዝምታ ነበር የሚያሳየው።

«ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ የቅበላ ጭፈራ ስለሆነ ነው» አለች ኦርላ ቀስ ብላ። «በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለው ማክሰኞ ‹የማዕበል ልጆች ቀን› ተብሎ ይከበር ብለናል። የእነ ፊንታን ባንድ ለዚህች ከተማ ያደረገውን ማን ይረሳል? ከነገ ወዲያ፣ አስከሬኑ የድሮው ጭፈራ ቤት፣ አትላንቲክ አዳራሽ ፊት ለፊት ሲቆም፣ ለሕዝቡ ብንነግር ደስ ይለናል። ግን ቤተሰብ ካልፈቀደ ምክር ቤቱ አያጸድቀውም። ፊንታን ሚስትም ልጅም የለው። እኅትዎን ባማክራት፣ ‹ማላኪን ጠይቂው› አለችኝ።»

«እኔ እንቢ ካልኩስ?»

«እንቢ ካሉ…» ሲኒዋን አየች። «ይቀራል።»

ማላኪ ቃሏን ወደዳት። ይቀራል። እንደ ከረሜላ ከጉንጩ ወደ ጉንጩ አገላበጣት። ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር ሁልጊዜ ሌሎች ነበሩ የሚወስኑት፤ የተማሩት፣ ኖታ የሚያነቡት፣ ንጹሕ ጫማ ያላቸው። አሁን ደግሞ አንዲት ቀን ከነከበሮዋ፣ ከነሰልፏ፣ ከነንግግሯ መጥታ እሱ አፍ ላይ ቆማለች።

«ላስብበት» አለ።

ማሰብ አላስፈለገውም። መልሱን ያውቀዋል። እንድትጠብቅ ብቻ ነው የፈለገው።

ኦርላ ተነሥታ በሟቹ ግንባር ላይ በጣቷ አማትባ ወጣች። ሳሎኑ ጸጥ አለ። ሰዓቱ ፊንታን በሞተበት ደቂቃ ላይ እንዲቆም ተደርጓል፤ መስተዋቱ አንሶላ ለብሷል። ለነፍስ መውጫ ተብሎ በተከፈተው መስኮት የባሕሩ ጉም ይገባል። ቀስ ብሎ፣ ለሐዘን እንደመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ወለሉን ዳብሶ፣ የሻማውን ብርሃን እንደ ጸጉር አቅጥኖ፣ ከሳጥኑ እግር ሥር ይቀመጣል።

ኑአላ ከማድ ቤት በትሪ ሳንድዊች ይዛ ገባች። ከሦስቱ ታናሿ ናት፤ ግን እናታቸው ከሞተች ወዲህ የሁለቱም እናት እሷ ናት።

«ምን አልካት?»

«ላስብበት አልኳት።»

«አንተ? መቼ አስበህ ታውቃለህና?»

«ቅበላ ለእኔ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ኑአላ።»

«አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ቅበላ መጥቶ ሄደ። አንተ ግን እዚያው መንገድ ዳር ቆመህ የሄደ መኪና ትጠብቃለህ።» ትሪውን አስታቀፈችው። «በል፣ ሰው እየመጣ ነው። ፊትህንም ፈታ አድርገው። ሊያለቅሱ የመጡ ሰዎች አንተን አይተው ይደነግጣሉ።»

ፊንታን ትራምፔት የተማረው በወደቡ የድንጋይ ግድብ ጫፍ ላይ ነበር። አባታቸው ጩኸት አይወድም። «ያንን ነገር ዓሣዎቹ ዘንድ ሂድና ንፋው» ይለዋል። ፊንታን የሚመርጠው ጉም የወደቀበትን ቀን ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ማላኪ አጠገቡ ባዶ የዓሣ በርሜል ገልብጦ በሁለት የተሰበረ መቅዘፊያ ቁራጭ ይደበድባል። ጉሙ ውስጥ እጃቸው እንኳ አይታያቸውም። ዓለም የምትባል ነገር ጠፍታ ድምፃቸው ብቻ ይቀራል፤ የፊንታን ረጅም፣ እርጥብ፣ የሚያበራ ድምፅ፣ ከሥሩም የማላኪ ሩጫ። ከዚያ ከነጩ ውስጥ የጀልባ አፍንጫ ብቅ ይላል። ዓሣ አጥማጆቹ መንገዱ ጠፍቷቸው፣ ድምፁን ተከትለው የመጡ ናቸው።

«እናንተ ናችሁ እንዴ?» ይላል አንዱ። «እኛስ ገነት የደረስን መስሎን ነበር። በርሜሉን ስንሰማ ነው ሌላኛው ቦታ መሆኑ የገባን።»

ፊንታን በሳቅ ይፈርሳል። ያኔ ይስቅ ነበር።

መምህሩ ማላኪን ገና በልጅነቱ ከትምህርት ቤት አባረረው፤ ፊንታንን ደግሞ ቄሱ ወስዶ ኖታ አስተማረው። አንዱ ነጠብጣብ ማንበብ ተማረ፤ ሌላው ዓሣ መሰንጠቅ። የሆነ ሆኖ ባንዱን ያቋቋሙት ሁለቱ ናቸው። ያንን እንኳ ማንም ሊክድ አይችልም። ቢክድም ማላኪ አይገርመውም።

በማግስቱ ሰዉ ከደጁ እስከ ባሕሩ መንገድ ድረስ ተሰለፈ። ካሪግሞር ሰው ሲሞት ትወዳለች፤ በቁም የነፈገችውን ሁሉ ያን ቀን ትሰጣለች። እየገቡ እጅ ይጨብጣሉ፣ «ስለ ደረሰባችሁ አዝናለሁ» ይላሉ፣ ሟቹን አይተው «አምሮበታል» ይላሉ፣ ከዚያ ወደ ማድ ቤት፣ ወደ ሻዩና ወደ ዊስኪው። የማድ ቤቱ ሹክሹክታ ሳሎን ድረስ ይሰማል።

«ቀን ሊሰየምላቸው ነው አሉ።»

«እሱ ከፈቀደ።»

«ማን? ኤክስፕረስ? ጉድ ፈላ!»

ኤክስፕረስ። ይኼውላችሁ። የትም ጣቢያ የማይቆመው ባቡር። ከተማው ይህን ስም ከለጠፈበት ወዲህ የክርስትና ስሙን የሚጠራው ኑአላና ሐኪሙ ብቻ ናቸው። በዓሣ ፋብሪካው በር፣ በመሸታ ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ፣ «እንዴት አደርክ ኤክስፕረስ!» እሱም ጥርሱን ነክሶ ያልፋል። በካሪግሞር ምስጋናና ስድብ ከአንድ ሱቅ ነው የሚገዙት፤ መጠቅለያቸውም አንድ ነው።

ብራይዲ የምትባለው አሮጊት ተራዋ ደርሶ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ዳቦ ቤት ነበራት፤ አሁን ዓይኗ ደክሟል።

«ኤክስፕረስ፣ የኔ ጌታ! ያን ቅበላ የጫማዬ ተረከዝ ተገንጥሎ በባዶ እግሬ ነው የጨፈርኩት። ባሌን ያገኘሁት ያን ሌሊት ነው፣ ታውቃለህ? ልቡ ሊቆም ደርሶ ነበር።»

«መቆም ነበረበት» አለ ማላኪ። «ትድኚ ነበር።»

ብራይዲ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ እንባ ዞሮ ሳጥኑን ተደግፋ ቆየች። ማላኪ ግን ሲያላግጡበት ኖሯልና ይህንንም ከዚያው ቆጠረው። በቀብር ቀን እንኳ አይተዉኝም አለ በልቡ። እንቢታው በሆዱ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

ያ ሌሊት ግን፣ እሱ ሊረሳው በፈለገ ቁጥር፣ ከጉሙ ውስጥ እንደ ጀልባ ብቅ ይላል።

አትላንቲክ አዳራሽ ጢም ብሏል። ነገ ጾም ነው፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ሙዚቃ የለም፣ ጭፈራ የለም፣ ሠርግ የለም። ስለዚህ ከየተራራውና ከየደሴቱ የመጣው ወጣት በአንድ ሌሊት የብዙ ሳምንት ደስታ ሊጨፍር ነው የገባው። በር ላይ አባ ኮንሮይ ኮታቸውን እንደለበሱ ቆመዋል፤ የኪስ ሰዓታቸው በመዳፋቸው ላይ ተከፍቷል። እኩለ ሌሊት ላይ ደወሉ ሲደወል የሚሰማ አንድ ድምፅ ካለ፣ አዳራሹ ከዚያ በኋላ አይከፈትም ብለው ምለዋል። ሕዝቡ ደግሞ ገና አልጠገበም። ሦስት ዘፈን ቀርቷል፤ ሦስቱም የሚወደዱ፣ ሦስቱም ረጅም።

ፊንታን ትራምፔቱን ዝቅ አድርጎ፣ «አንዱን ብቻ» አለ። «ሰዓቱ አይበቃንም።»

ማላኪ ቄሱን አየ። ሰዓቱን አየ። ፊት ለፊት የቆሙትን ልጃገረዶች፣ ላባቸው በግንባራቸው የሚያበራውን፣ አየ። ምን እንደነካው እስከ ዛሬ አያውቅም። ዱላዎቹን አነሣና ሦስቱንም ሊያደርስ በእጥፍ ፍጥነት ጀመረ።

መጀመሪያ ባንዱ ደነገጠ። ከዚያ ተከተለ። ምን ምርጫ ነበረው? ከበሮው ወደ ቁልቁለት ወርዷል። አንደኛው ዘፈን ሳያልቅ ሁለተኛው ገባበት፤ ወለሉ የእንጨት መሆኑ ቀርቶ ባሕር ሆነ፣ እየተነሣ እየወደቀ። ሰዎቹ የሚጨፍሩ ሳይሆን የሚንሳፈፉ ነበር የሚመስሉት፤ ቀሚስ ሁሉ ሸራ፣ እጅ ሁሉ መቅዘፊያ። መብራቶቹ በላብ ጉም ውስጥ እንደ ዓሣ ዋኙ። ማላኪ እጆቹ የሱ መሆናቸውን ረሳ። ከጎኑ የፊንታን ትራምፔት ይጮኻል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደገና ይነሣል። ሦስተኛው ዘፈን የመጨረሻዋን ምት መታ፤ እሷ ገና አየር ላይ ሳለች የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ።

ዝም።  አባ ኮንሮይ ሰዓታቸውን ከደኑ። ከዚያ ሕዝቡ በአንድ አፍ ጮኸ።

ማላኪ ወደ ወንድሙ ዞረ። እንደ ሕፃን እየሳቀ ነበር የዞረው፤ ይኼን ያስታውሳል፣ የሚያቃጥለውም ይኼው ነው። ፊንታን ትራምፔቱን ከመንፋት ብዛት ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ ነጩ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል። መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። አንድ ጊዜ እንኳ ወደሱ አላየም።

በማግስቱ ጧት፣ ጾሙ የሚገባበት የአመድ ረቡዕ ነው፣ የሁሉም ግንባር አመድ ተቀብቷል። አየርላንድ ውስጥ በጾም የሚጫወቱበት አዳራሽ ስለማይኖር፣ ባንዶች ሁሉ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይሻገራሉ፤ እዚያ ለሚሠራው ስደተኛ ሊጫወቱ። ማላኪ ሻንጣውን ይዞ የባንዱ መኪና ዘንድ ሲደርስ፣ እሱ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል። ፈርጉስ ቲየርኒ፣ የአናጢው ልጅ። ዱላዎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ታች ያያል።

«ሙዚቃ ግልቢያ አይደለም፣ ማላኪ» አለ ፊንታን። ከንፈሩ ስላበጠ ቃሉ ተንሻፈፈ። ሌላ አልጨመረም። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ነው የማዕበል ልጆች የማዕበል ልጆች የሆኑት። ሸክላ ቀረጹ፣ በራዲዮ ተሰሙ፣ በቴሌቪዥን ታዩ። ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ራዲዮው ሲከፈት፣ ማላኪ ቢላዋውን አስቀምጦ ሊሸና ይወጣል። ባንዱ አርጅቶ ተበተነ፤ ፊንታን ወደ ከተማው ተመልሶ ልጆች ያስተምር ጀመር። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በአጥሩ በር ይገናኛሉ።

«ዝናብ ሊመጣ ነው» ይላል ፊንታን።

«ይመስላል።»

ይኼው ነው። የሁለት ወንድማማቾች ሙሉ ዕድሜ። እግዜር ይስጠው፣ አየርላንድ ላይ ዝናቡ ባይኖር ኖሮ ምን ይነጋገሩ ነበር?

ወደ አመሻሹ ላይ ሰዉ ቀለለ። ኑአላ ለጸሎት ከመሰባሰባቸው በፊት አፋቸውን እንዲያርሱ የቀሩትን ወደ ማድ ቤት ጠራቻቸው። ማላኪ ከሳጥኑ ራስጌ ካለው ወንበር አልተነሣም፤ ሬሳ ብቻውን አይተውም፣ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ መኖር አለበት። የሚተካ ሰው ሳይመጣ መነሣት ነውር ነው።

የሚተካው ሰው መጣ። ፈርጉስ ቲየርኒ ነበር።

ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። አርጅቷል፤ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። የሚኖረው ሩቅ፣ ከልጁ ጋር ነው። ሟቹን ብዙ ጊዜ ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ ማላኪ ዞረ።

«ስለ ደረሰብህ አዝናለሁ።»

«እኔም ስለ መንገዱ አዝናለሁ። ሩቅ ነው የመጣኸው።»

«ሂድ፣ ሻይ ጠጣ። እኔ እቀመጥለታለሁ።»

ማላኪ ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ። «አንዴ ወንበሬን ወስደሃል፣ ፈርጉስ። ይበቃሃል።»

ፈርጉስ ሊቆጣ ይችል ነበር። ሳቀ እንጂ። ደረቅ፣ ሳል የመሰለ ሳቅ። «እውነትህን ነው» አለና ከግድግዳው ሥር ያለ በርጩማ ስቦ በሳጥኑ ማዶ ተቀመጠ። ስለዚህ ሁለቱም ቀሩ፤ አንደኛው መነሣት አልፈለገም፣ ሌላው መሄድ። በመካከላቸው ፊንታን። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ የሦስቱንም ጉልበት ሸፈነ።

«ቀኑን አትፈቅድም አሉኝ» አለ ፈርጉስ።

«ማን አለህ?»

«ማድ ቤቱ።»

«ማድ ቤቱ ብዙ ይላል። ለምን እፈቅዳለሁ? ሸክላ የታተመበትን ቀን አይሉም፣ ቴሌቪዥን ላይ የታያችሁበትን ቀን አይሉም፤ እኔ የተጣልኩበትን ቀን ይመርጣሉ። በየዓመቱ ሰልፍ ሊወጡበት። ምክር ቤት ማለት የተማረ ጅል መሰብሰቢያ ነው።»

«ምክር ቤቱ አይደለም የመረጠው።» ፈርጉስ ወደ ሟቹ በአገጩ አመለከተ። «እሱ ነው።»

ማላኪ ወደ ሳጥኑ ዞረ።

«ኦርላ ሆስፒታል መጥታ ጠየቀችው፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። የሸክላውን ቀን አለችው። እንቢ። የቴሌቪዥኑን አለችው። እንቢ። ‹ቅበላ ካልሆነ ተዉት፤ ለማላኪ ግን እኔው ራሴ እነግረዋለሁ› አላት። እሷ ከወጣች በኋላ፣ ‹ምነው?› አልኩት። ‹ፈርጉስ› አለኝ፣ ‹ከዚያ በኋላ ይኼን ሁሉ ዘመን ምቱን ሳንስት ተጫወትን። ከዚያ ሁሉ አንዱን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው አግኝተህ ታውቃለህ? ሰው የሚያስታውሰው ያን ቅበላ ነው። እኔም የማስታውሰው ያንን ነው። ፈርቼ የተጫወትኩት ያን ሌሊት ብቻ ነው። አንተ ሰዓት ነህ፣ ፈርጉስ፤ እሱ ግን ፈረስ ነበር። እኔ ደግሞ ወደቅኩ መስሎኝ ተቆጣሁ።› እንዲህ ነው ያለኝ። ሰዓት ነህ አለኝ! በዚህ ሁሉ ዘመን።»

«እየፈጠርክ ነው።»

«ብፈጥር ራሴን ሰዓት እላለሁ?» ፈርጉስ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አሽከረከረ። «አንተ ብቻ የተበደልክ ይመስልሃል። በየሄድኩበት አገር፣ ለንደን በለው፣ ማንቸስተር በለው፣ የካሪግሞር ሰው መጥቶ እጄን ይጨብጣል። ‹የማዕበል ልጆች ድራመር አንተ ነህ? ያን ቅበላ የመታኸው አንተ ነህ?› ይለኛል። ‹አይ፣ ከዚያ በኋላ ነው የገባሁት› እላለሁ። ወዲያው ዓይኑ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ዕድሜዬን በሙሉ፣ ማላኪ! ዕድሜዬን በሙሉ ‹አይ፣ እሱ ኤክስፕረስ ነው› ስል ኖርኩ።»

ሻማው ተርገበገበ። ከማድ ቤት የሲኒ ድምፅና የሴቶች ሳቅ መጣ፤ ሳቁ ሟች ቤት መሆኑን አስታውሶ መሐል ላይ ተቋረጠ።

«ታዲያ ለምን ለኔ አልነገረኝም?» አለ ማላኪ በመጨረሻ። «አፍ አልነበረውም?»

«እኔም ይህንኑ አልኩት። ‹እሑድ እነግረዋለሁ› አለ። በየእሑዱ ልነግረው እሄዳለሁ፣ ስደርስ ስለ ዝናብ አወራለሁ አለኝ።»

ማላኪ ተነሣ። ፈርጉስም ሊይዘው የተነሣ መስሎት ተነሣ። ማላኪ ግን አልመታውም፣ አላቀፈውም፣ ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። ፈርጉስ ትንሽ ጠብቆ፣ ሬሳው ብቻውን እንዳይሆን፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠበት። ማላኪ የወንበሩን ሲጢጥታ ሰማ። አልዞረም።

ጎሕ ሲቀድ ማላኪ ከሳጥኑ አጠገብ ነበር። ጸሎቱ ተደግሟል፣ ዊስኪው አልቋል፣ ኑአላ ሶፋው ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ አንቀላፍታለች። ጉሙ ከመስኮቱ ውጭ ብርሃን መጠጣት ጀምሯል። ነቅቶ ይሁን ተኝቶ ሳያውቀው፣ ከወደ ግድቡ ረጅም፣ እርጥብ ድምፅ የሰማ መሰለው። መርከብ ይሆናል። መርከብ መሆን አለበት። ሆኖም ጣቶቹ በጉልበቱ ላይ መልስ ፈለጉ፤ ከሥር ከሥሩ ሊሮጡለት።

ወደ ወንድሙ ጎንበስ አለ። ከላይኛው ከንፈሩ ላይ የስንጥቅ ጠባሳ አለ፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ክር። ይኼን ሁሉ እሑድ ፊት ለፊቱ ቆሞ ዝናብ ሲያወራ አላየውም ነበር። ወይስ ማየት አልፈለገም?

«አንተ ደንቆሮ» አለው በሹክሹክታ። «አንድ ቃል እኮ ነበረች። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችህ። አሁን በከተማ በሙሉ ልታስወራት ነው? በኦርላ አፍ? እኔ የኦርላን አፍ ምን ላድርገው?»

ተቆጥቶ ነበር። ከመቼውም ይልቅ ተቆጥቶ ነበር። ትናንት ድረስ የሚጠላው ሰው ነበረው፤ ጥላቻውም እንደ አሮጌ ካፖርት ሰውነቱን ለምዶት ነበር። አሁን ገፈውት ሄዱ። ብርዱ ገባው።

ኦርላ ማለዳ መጣች፤ ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ዓይኗ ወለል ላይ።

«ማላኪ… ዛሬ ነው። ምን ልበላቸው?»

ኑአላ ከማድ ቤቱ በር ላይ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆመች። 

«ይሁን በያቸው» አለ ማላኪ።

ኦርላ ፊቷ በራ።

«ቆይ፣ አትቸኩይ። ሙዚቃው እኩለ ሌሊት ላይ ቀጥ ይበል። ደወሉም ይደወል። በር ላይም ሰዓት የያዘ ቄስ ይቁም፤ ያለ ቄስ ዋጋ የለውም። ሰው የሚጨፍረው የሚከለክለው ሲኖር ነው።»

«አሁን ያሉት ቄስ እኮ ናይጄሪያዊ ናቸው» አለች ኦርላ። «ጭፈራ ይወዳሉ።»

«እንግዲያው ለአንድ ሌሊት ይቆጡ በያቸው።»

ኑአላ ሽርጧን አፏ ላይ አደረገች። ኦርላ ተንፈስ አለችና፣ «ስማችሁን ሁሉ እጠራለሁ» አለች። «የእርስዎን… እንዴት ብዬ ልጥራ?»

ማላኪ የካፖርቱን ቁልፍ ሲቆልፍ ቆየ። «ማላኪ ዴቫን በይ» አለ። ከዚያ ቁልፉን እንደገና ፈታውና እንደገና ቆለፈው። «ግድ የለም፣ ኤክስፕረስ በይ። በሌላው አያውቁኝም።»

አትላንቲክ አዳራሽ አሁን የምንጣፍ መሸጫ ነው። ባለቤቱ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ሠራተኞቹን ደጅ አሰልፏል። አስከሬኑን የያዘው መኪና ቆመ። ሕዝቡ ከጉሙ ውስጥ ትከሻና ባርኔጣ ብቻ ሆኖ ይታያል። ኦርላ ተናገረች፤ ቀኑን ተናገረች፣ ባንዱን ተናገረች፣ ስሞቹን ጠራች። ማላኪ ግማሹን አልሰማም። ‹ኤክስፕረስ› ስትል ግን አንድ ነገር ሆነ። በቀብር ሰልፍ ላይ ማጨብጨብ ነውር በሆነበት ከተማ፣ አንድ ሰው አጨበጨበ። ብራይዲ ነበረች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ መንገዱ በሙሉ፣ ጓንት በለበሰ እጅ፣ በታፈነ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ዝናብ ጣራ ላይ እንደሚጀምር ያለ።

ማላኪ የሚገባበት ጠፋው። መሬቱን አየ። ማላገጥ መሆኑን ሊፈልግበት ሞከረ፤ አንድ ፈገግታ፣ አንድ ጥቅሻ። አላገኘም።

ከዚያ ወደ መቃብሩ የሚወስደው ዳገት ነው፤ እዚያ ሳጥኑ በትከሻ ነው የሚሄደው። ቀብር አስፈጻሚው ስድስቱን ሰዎች በቁመታቸው ከፋፈለ። ከፊት የሚሆኑት እኩል መሆን አለባቸው፣ የሰልፉ እርምጃ የነሱ ነው። አየና፣ «አንተና አንተ» አለ፤ ማላኪንና ፈርጉስን።

ሳጥኑ ተነሥቶ ትከሻቸው ላይ አረፈ። ከባድ አልነበረም፤ ይኼም አሳዘነው። የሚሸከሙ ሰዎች ከሳጥኑ ሥር አንዳቸው የሌላውን ትከሻ ይይዛሉ፤ ካልተያያዙ ይወድቃል። ፈርጉስ የሚንቀጠቀጥ ክንዱን በማላኪ ጀርባ ላይ አሳለፈ። ማላኪ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ክንዱን አንሥቶ የፈርጉስን ትከሻ ጨበጠ። ቀጭን ነበር፤ ከኮቱ በታች አጥንቱ ይሰማል።

ተነሡ። ጉሙ መንገዱን ከፊታቸው በላው፤ የመቃብሩ በር የት እንደሆነ አይታይም፤ ከኋላ የሚሰማው የእግር ድምፅ ብቻ ነው፣ ብዙ፣ የተቀላቀለ፣ እንደ ባሕር። ማላኪ ጉንጩን በእንጨቱ ላይ አስደግፎ ይራመዳል። ወንድሙ ጆሮው ላይ ነው ያለው።

«ማላኪ» አለ ቀብር አስፈጻሚው ከጎኑ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ትንሽ ፈጠን በል እባክህ። ሰዉ ከኋላ ተጨናንቋል።»

ማላኪ ሰምቶታል። እርምጃውን ይበልጥ አሳጠረ። ፈርጉስም ምንም ሳይጠይቅ የራሱን አሳጠረለት።